አራሚው የሰረዛት አንቀጽ

በማተሚያ ቤቱ ውስጥ በስሙ የሚጠራው አልነበረም። ከዘበኛው እስከ ሥራ አስኪያጁ ሁሉም «ጋሽ አራት ነጥብ» ነበር የሚለው። እሱ ሳያየው የሚያልቅ ዓረፍተ ነገር የለም ለማለት አንድ ቀልደኛ የማሽን ሠራተኛ ያወጣለት ስም ነው። ቀልደኛው ጡረታ ወጣ፤ ስሙ ቀረ። እሱም አልተቀየመም። እንዲያውም ውስጥ ውስጡን ሳይወደው አልቀረም።

የእርማት ክፍሉ በገጽ አቀናባሪዎቹ ክፍልና በወረቀት መጋዘኑ መካከል የተሸጎጠች ጠባብ ክፍል ናት። አንድ ጠረጴዛ፣ አንገቱ የሚታጠፍ መብራት፣ ጠርዟ ያለቀ የእንጨት ማስመሪያ፣ ሁለት ቀይ እስክሪብቶ። ሌላ ነገር የለም፤ ሌላ ነገርም አይፈልግም። እያንዳንዱን ገጽ ሁለት ጊዜ ያነባል። መጀመሪያ እንደ ማንኛውም አንባቢ ከላይ ወደ ታች፤ ሁለተኛ ግን ከገጹ ግርጌ ተነሥቶ፣ ማስመሪያዋን እየገፋ፣ መስመር በመስመር ወደ ላይ። ለአዳዲስ ሠራተኞች ሲያስረዳ፣ ወደ ታች ስታነቡ ታሪኩ እየጎተተ ያሳልፋችኋል፣ ወደ ላይ ስታነቡ ግን ታሪኩ ስለሚጠፋ የቀረው ፊደል ብቻ ነው ይላቸው ነበር። ሲጨርስ ከገጹ ጥግ «ይታተም» ብሎ ይፈርማል። ከእሱ ፊርማ በኋላ ደግሞ የሚያይ አልነበረም።

በዚህ አኳኋን ሃያ ስምንት ዓመት ሠራ። አንድ የሚኮራበት ነገር ነበረው፤ በእሱ እጅ ካለፉት መጻሕፍት በአንዱም ውስጥ «የስህተት ማረሚያ» የምትባለው ብጣሽ ወረቀት ገብታ አታውቅም። ሌሎች ሰዎች ስለ ልጆቻቸው በሚያወሩበት ድምፅ ነበር ይህን የሚናገረው።

ከመጻሕፍቱ ሁሉ ግን ቤቱ ድረስ ይዞት የገባው አንድ ብቻ ነው። «የጠፋው ወንዝ» የሚባለው ባለ አምስት ቅጽ ተከታታይ ልብ ወለድ፣ ከሌላ ቋንቋ ተተርጉሞ በማተሚያ ቤቱ የወጣ። ወንዛቸው አንድ ማለዳ ከመሬት ላይ የጠፋባቸው ሰዎች፣ ወንዙ የገባበትን ለመፈለግ አገር ለአገር የሚዞሩበት የምናብ ታሪክ ነው። አራሚው ራሱ እንዲህ ያለ ነገር የልጆች መጫወቻ ይመስለው ነበር። ሚስቱ ናት ያሸነፈችው። የልብስ ስፌት አስተማሪ ነበረች፤ ማታ ማታ የተማሪዎቿን የተጣመመ ቅምቅማት እየፈታች፣ እሱ የዕለቱን ገጾች ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነብላት ታደርገዋለች። ከመንገደኞቹ ሁሉ ድልድይ ጠባቂውን ወደደች። ሰነፍ ነው፣ ያኮርፋል፣ ማንንም ሳይነዘንዝ አያሳልፍም። ባሏ ለምን እንደወደደችው ቢጠይቃት፣ አንተን ይመስለኛል አለችው።

አራተኛው ቅጽ ሲደርስ እሷ ሆስፒታል ተኝታ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ነው፤ የጉብኝት ሰዓት። ልጃቸው ያን ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ በመስኮቱ በኩል ቆማ የእናቷን ፎጣዎች ታጣጥፋለች። እሱ አልጋው አጠገብ ተቀምጦ ያነባል። ድልድዩ ሊበጠስ ሲል ጠባቂው ገመዱን በትከሻው ይዞ ሌሎቹን ያሻግራል፤ የመጨረሻው ሰው ሲሻገር እሱ ይወድቃል። ቀጥሎ ያለው ዓረፍተ ነገር አጭር ነው፦ «ማንም ወደ ኋላ አልዞረም።»

ሚስቱ እጇን መጽሐፉ ላይ አሳረፈች። አንድ ሰው ዞረ ብለህ አንብብልኝ አለችው። ቀልድ መስሎት ፈገግ አለ። እሷ ግን ፈገግ አላለችም፤ ዞሮ እጁን ያዘው ብለህ አንብብ፣ ሌላ አልጠይቅህም አለች። እሱም፣ ዕድሜውን ሙሉ ለሁሉም ሰው የሚመልሰውን መለሰላት።

«እንዲህ አልተጻፈም።»

«እሺ» አለች፤ «ቀጥል።»

ቀጠለ። እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በዘጠነኛው ቀን ሞተች። አምስተኛውን ቅጽ ለሥራው ሲል አረመው እንጂ ለማንም አላነበበውም።

ስለዚያ ከሰዓት አባትና ልጅ አንድም ቀን አንሥተው አያውቁም። ሰው በሕይወቱ ከሚሠራቸው ከባድ ጥፋቶች ጥቂት የማይባሉት በትክክለኛነት ስም የሚሠሩ ናቸው፤ ለዚህም ነው ይቅርታ ለመጠየቅ የሚያስቸግሩት። ሰረቅሁ፣ ዋሸሁ የሚል ሰው ከየት እንደሚጀምር ያውቃል። ልክ ነበርኩ የሚል ሰው በየት በኩል ይግባ? አራሚው ስድስት ዓመት ሙሉ ራሱን በአንድ ነገር ሲያጽናና ኖረ፦ ሌላ ምርጫ አልነበረም፤ መጽሐፉ ያለው ይህንን ነው፤ ጠባቂውን ማንም ሊያነሣው አይችልም ነበር።

ከዚያ ጨዋታው መጣ።

የልብ ወለዱ ወዳጆች በዝተው ስለነበር ከመጽሐፉ የተወሰደ የጠረጴዛ ጨዋታ ተዘጋጀ፤ መምሪያውም ተተርጉሞ ለእርማት ቀረበ። አራት አምስት ሰው ጠረጴዛ ከቦ ይቀመጣል። አንዱ ተራኪ ይሆናል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው ከታሪኩ አንድ ሰው ሆነው ይናገራሉ፣ ይወስናሉ፤ የሚያጠራጥር ነገር ሲመጣ በየገጹ ከአንድ እስከ ስድስት ነጥብ ያለበት ዳይስ ይጣላል። አራሚው ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ፊቱን አልፈታለትም። ያለቀ መጽሐፍ እንዴት በስድስት ነጥብ ዕድል ይከፈታል ብሎ ለገጽ አቀናባሪዋ ተነጫነጨ። እሷ ስቃ አለፈችው።

ሰባ አንደኛው ገጽ ግርጌ ላይ በትንሽ ሣጥን የታጠረች አንቀጽ ነበረች። እንዲህ ትላለች፦ «ድልድይ ጠባቂው ሲወድቅ ከመንገደኞቹ አንዱ ዞሮ እጁን ይዞ ሊቆይ ይችላል። የሚቆየው ሰው የራሱን መሻገሪያ ያጣል። ሦስት ጊዜ ዳይስ ይጣላል፤ ከሦስቱ በአንዱ ስድስት ከወጣ ጠባቂው ይነሣል።»

ወደ ታች አነበባት። ወደ ላይ አነበባት። ከዚያ ቀይ እስክሪብቶውን አንሥቶ ከጥግ እስከ ጥግ ሰረዛት፤ በኅዳጉም «ይውጣ፤ ከአራተኛው ቅጽ ጋር ይጋጫል» ብሎ ጻፈ። ስህተት ያረመ መስሎት ነበር፤ ወይም እንደዚያ እንዲመስለው ፈለገ። ተርጓሚው የአራሚውን እጅ ስለሚያምን ዳግመኛ አላየም። ገጽ አቀናባሪዋም እንደታዘዘችው አወጣቻት። ጨዋታው ያለ እሷ ታተመ።

ልጁ መነጽር ቤት ነው የምትሠራው፤ የሰው ዓይን ትለካለች። እናቷ በሕይወት ሳለች፣ ሙያውን ገና ስትማር፣ አባዬ የፊደል ስህተት ይለቅማል፣ እኔ የዓይን፣ ሰውን እንዳለ የምትቀበለው እማዬ ብቻ ናት እያለች ትቀልድ ነበር። አሁን የኪራይ ክፍል ይዛ ለብቻዋ ትኖራለች። እሑድ እሑድ ለአንድ ሰዓት ትመጣለች፤ ቦርሳዋን ከጭኗ ሳታወርድ ትቀመጣለች። አባቷ ሰዓቱ እያጠረ መምጣቱን ያውቃል። አምሳ አምስት ደቂቃ፣ ከዚያ አርባ። አንድ ቀን ቦርሳዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ሰላም ብላው እንደምትሄድ፣ ከዚያም ጭራሹን እንደምትቀር ይታየዋል፤ ከሞት ይልቅ የሚፈራው ይህንን ነው።

ጨዋታው እንደ ወጣ አንድ እሑድ ፊቷ በርቶ መጣች። ሣጥኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ከጓደኞቿ ጋር መነጽር ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል እንደሚጫወቱ፣ አንድ ትርፍ ወንበር እንዳላቸው ነገረችው። ና አላለችውም፤ ወንበር አለን ነው ያለችው። እሱ ግን ነገሩ ሳይገባው ንግግር አደረገላት። ደራሲ የዘጋውን በር ዳይስ አይከፍተውም፣ በቃ ያለ ነገር በቃ ነው አላት። ልጅቱ አዳመጠችው።

«እሺ አባዬ» አለች።

ያ «እሺ» የእናቷ «እሺ» ነበር። በሚቀጥለው እሑድ አልመጣችም። ከዚያ በኋላ ባለውም አልመጣችም።

በዚህ መሐል ሥራ አስኪያጁ እየተፍለቀለቀ ወደ እርማት ክፍሉ ገባ። የጨዋታው ቅጂ ማለቁ ነው፤ ሁለተኛ እትም ሊወጣ ነው፤ ከመጨረሻው ገጽ በኋላም ተጫዋቾች እስከ ትናንት ድረስ የላኩት አስተያየት ይታተማል። ሰኞ ፊርማዎ ይድረሰኝ ብሎት ወጣ።

አስተያየቶቹ አሥራ አራት ነበሩ። አራሚው ማስመሪያዋን ይዞ ተቀመጠ። አንዱ ካርታውን አሞግሶ አሞግሶ፣ መንገዱ ግን ከሰሜን ወደ ምሥራቅ ሲታጠፍ አንድ ጣት ያህል ተሳስቷል ይላል፤ የመሬት ቀያሽ ሳይሆን አይቀርም። አንዲት የሦስት ልጆች እናት፣ የድካም ነጥብ አቆጣጠሩ ውስብስብ ስለሆነ እኛ ትተነዋል፣ ድካምን ሳንቆጥርም እናውቀዋለን ትላለች። አንድ ጡረተኛ ከጎረቤቱ ጋር ለስምንት ዓመት ተኳርፎ ኖሮ በዚህ ጨዋታ ምክንያት እንደታረቀ፣ አሁን ደግሞ በዚሁ ጨዋታ ምክንያት ሊጣላው እንደደረሰ ጽፏል። አራሚው ሳያስበው ሳቀ። ሌላው መምሪያው አንድም የፊደል ግድፈት እንደሌለበት መስክሯል። ይህን ሲያነብ ደስ ሊለው ሲገባ ማስመሪያዋን ሳያቆም አለፈው።

የቀሩት ሁሉ የሚያነሡት ድልድዩን ነው። እዚያ ስንደርስ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጣለን፤ ሁሉም ነገር በእኛ ውሳኔ ሆኖ ሳለ እዚህ ቦታ ላይ ብቻ ተመልካች እንሆናለን ይላሉ። እንግዲህ ምኑን ጨዋታ ሆነ? አንዱ ብቻ ተሟግቷል፤ ሁሉንም ነገር ማዳን የሚቻልበት ታሪክ ውሸት ነው ብሎ። አራሚው ይህን ሰው ሊወደው ሞከረ።

የመጨረሻዋ አስተያየት ስም አልነበራትም። «የመጽሐፉ አራተኛ ቅጽ ለአንዲት በሽተኛ ሲነበብላት ክፍሉ ውስጥ ነበርኩ። ድልድይ ጠባቂው ሲወድቅ፣ አንድ ሰው ዞሮ እጁን ያዘው ተብሎ እንዲነበብላት ለመነች። አልተነበበላትም። ጨዋታው ሲወጣ እዚህ እንኳ መዞር ይቻል ይሆናል ብዬ ገዛሁት። አይቻልም። ጨዋታው እንደ መጽሐፉ ታማኝ ነው፤ እንደ መጽሐፉም ልመና አይሰማም። ቅዳሜ ለመጨረሻ ጊዜ እጫወተዋለሁ፤ ከዚያ ቅጂዬን ለሚፈልግ እሰጣለሁ።»

ልጁ ናት። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ አንዷ ሞታለች፣ አንዱ እሱ ነው።

ከልምድ የተነሣ እጁ ማስመሪያዋን ወደ ገጹ ግርጌ ወሰደና ወደ ላይ ማንበብ ጀመረ። ሃያ ስምንት ዓመት ያልከዳው ዘዴ ያን ቀን ከዳው። ታሪኩ አልጠፋም። መስመሩ ወደ ኋላ በሄደ ቁጥር ወደዚያች ክፍል ይበልጥ ቀረበ፦ እሰጣለሁ፣ አይቻልም፣ አልተነበበላትም፣ ለመነች። ፎጣዎቹ፣ መስኮቱ፣ መጽሐፉ ላይ ያረፈችው እጅ።

ገጽ አቀናባሪዋ ገጾቹን ልትወስድ ስትመጣ ቁጭ ብሎ አገኘችው። ስህተት አገኙ እንዴ ጋሼ አለችው።

«አግኝቻለሁ» አላት። «እዚህ ገጽ ላይ ግን አይደለም።»

የታረሙ ገጾች ሁለት ዓመት መጋዘን ይቀመጣሉ። ሄዶ የጨዋታውን ጥቅል ፈታ፤ ሰባ አንደኛውን ገጽ አወጣ። ቀዩ መስመር ትናንት የተሰመረ ይመስላል። አጣጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው።

ቅዳሜ ከሰዓት መነጽር ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል ደረሰ። ግድግዳው ላይ ከትልቅ ወደ ትንሽ የሚወርድ የዓይን መመርመሪያ ፊደል ተሰቅሏል። ጠረጴዛው ላይ የመነጽር መሞከሪያ ሣጥኑ ወደ ጥግ ተገፍቶ ካርታው ተዘርግቷል። ልጁ ስታየው ብድግ አለች፤ ወንበር ሳበችለት። ሌሎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ቀስ ብሎ ስለሚነዳ ተሳፋሪዎቹ «ፍሬን» ይሉታል፤ ተራኪው እሱ ነው። ሁለተኛዋ ሰው ሠራሽ ጥርስ የምትሠራ ሴት ናት፤ በጨዋታው ውስጥ ሽፍታ ነች። ለአባትየው የአንድ ሸክም ተሸካሚን ድርሻ ሰጡት። አይከብድዎትም አባባ፣ ብዙ አይናገርም አለው ፍሬን።

ሁለት ሰዓት ያህል ተጫወቱ። አራሚው የተረዳው ነገር ቢኖር ሰዎቹ መጽሐፉን እንደማያፈርሱት ነው። ልጁ መድኃኒት ተሸካሚዋን ሆና ስትናገር ድምፅዋ ይለወጣል፤ ለሽፍታዋ ቁስል ስታስር በእናቷ እጅ አኳኋን ነው፣ አውራ ጣቷን እያሳረፈች። ይህን እሑድ እሑድ በቦርሳዋ ሥር ደብቃው ኖሯል። ሽፍታዋ ከስድስት ጊዜ አምስቱን መጥፎ ዳይስ ስለወጣላት፣ በሥራዬም እንዲህ ቢሆን ከተማው ሁሉ ድዱን ይዞ ይቀር ነበር ብላ አሳቀቻቸው።

ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ሳቁ ቆመ። ፍሬን መምሪያውን ገልጦ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አነበበ። ጠባቂው ገመዱን ይዞ አሻገራቸው። ወደቀ። ሹፌሩ ገጹን ሊገልጥ ጣቱን አነሣ።

«ቆይ» አለ አራሚው። «እዚህ ጋ ዳይስ አለው።»

ፍሬን ገጹን ደግሞ አየ፤ የለም አባባ፣ እዚህ ጋ ሁላችንም አንጀታችን እያረረ ዝም ብለን ነው የምናልፈው አለው። አራሚው ከደረት ኪሱ ወረቀቱን አውጥቶ ካርታው ላይ ዘረጋው። ከዚያም ዓይኑን ሳያሳርፍበት አንቀጿን በቃሉ አላቸው፤ ዞሮ እጁን ይዞ ሊቆይ ይችላል፣ የሚቆየው የራሱን መሻገሪያ ያጣል፣ ሦስት ጊዜ።

ልጁ ጎንበስ ብላ በኅዳጉ ላይ ያለውን ጽሑፍ አየች። የማን እጅ እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ አልወሰደባትም።

«አንተ ነህ የሰረዝከው?»

«እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

ሁለቱ ጓደኞቿ ዓይናቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፋቸው፤ ጥርስ ሠሪዋ ግድግዳው ላይ ያሉትን ፊደሎች ማንበብ ጀመረች።

«ለእናትሽ እንዲህ አልተጻፈም ብያት ነበር» አለ። «ከዚያ ተጽፎ መጣ።»

በፊት ለፊቱ በኩል የሱቁ በር ተከፍቶ ተዘጋ፤ አንድ ደንበኛ ሥራ መጨረሳቸውን አይቶ ተመለሰ። በመጨረሻ አራሚው፣ የእኔ ሰው ይዞራል፣ ሸክሙን አውርዶ ይቆያል አለ። ፍሬን መሻገሪያውን እንደሚያጣ አስታወሰው። አውቃለሁ አለው።

ዳይሱን ጣለ። ሁለት። እንደገና ጣለ። አምስት። ሦስተኛውን ከመጣሉ በፊት ልጁን ቀና ብሎ አያት፤ ልጁ ዳይሱን እንጂ እሱን አታይም ነበር። ጣለ። ዳይሱ ካርታው ላይ ተንከባሎ በወንዙ ባዶ መስመር ላይ ቆመ።

አንድ።

ፍሬን የአውቶቡሱን በር ለአሮጊት ከፍቶ እንደሚጠብቅ ሰው ታግሦ ቆየ። ከዚያ፣ ጠባቂው ሞተ አለ፤ ትንሽ አሰበና ከራሱ ጨመረበት፤ እጁ ግን በሰው እጅ ውስጥ ነበረ።

ሌሎቹ ቀጠሉ። አራሚው ጨዋታው እስኪያልቅ ከዚያኛው ዳር ቀርቶ እጁን አጣጥፎ ተመለከተ። ሲጨርሱ ልጁ ዳይሶቹን ለቀመች፣ ካርታውን አጠፈች፤ ቅጂዋን ለማን እንደምትሰጠው ግን አልተናገረችም። በሩ ድረስ ስትሸኘው፣ ሁለተኛው እትም ሰኞ የእሱን ፊርማ እንደሚጠብቅ ነገራት።

«ሰኞ ምን ልትጽፍ ነው?» አለችው።

ሰኞ ዕለት ሥራ አስኪያጁ ጉዳዩን ሲሰማ አልተቆጣም፤ ነገሩን ማለስለስ ነው የፈለገው። አንቀጿ በሁለተኛው እትም ትመለስ፤ የመጀመሪያውን ለገዙት ደግሞ ብጣሽ ወረቀት እናትማለን፣ «በኅትመት ስህተት የቀረ» ብለን፣ ሁሉም ማተሚያ ቤት የሚጽፈው ያንኑ ነው አለው። አራሚው ግን እምቢ አለ። ማሽኑ አልተሳሳተም፣ ገጽ አቀናባሪዋም አልተሳሳተችም አለ። ራሱ ጽፎ ያመጣው ወረቀት ላይ፣ «ይህች አንቀጽ በሰባ አንደኛው ገጽ ላይ ነበረች፤ አራሚው ሆን ብሎ ሰርዟታል፤ መሰረዝ አልነበረበትም» ይላል። ሥራ አስኪያጁ ደጋግሞ አነበበው። እንዲህ ከወጣ ከእንግዲህ ብቻዎን ሊፈርሙ አይችሉም፣ ሰው ከኋላዎ ማንበብ ይኖርበታል አለው በሐዘን።

«ቀድሞም ሊኖር ይገባ ነበር» አለ አራሚው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እሱ የጨረሰውን ገጽ ገጽ አቀናባሪዋ ታየዋለች። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ግድፈት አገኘችበት፤ አፍራ ስትነግረው ማስመሪያዋን ወደ እሷ ገፋላት። ብጣሽ ወረቀቷ ታተመች፤ በየመጻሕፍት መደብሩ ተበተነች። የሃያ ስምንት ዓመቱ ኩራት እንደዚያ አለቀ። ይከብዳል ብሎ የጠበቀውን ያህል አልከበደውም። ሰው ንጹሕ ነኝ ለማለት የሚሸከመው ሸክም፣ አጥፍቻለሁ ብሎ ከሚሸከመው የሚከብድበት ዕድሜ አለ።

እሑድ ልጁ መጣች። በአንድ እጇ ቦርሳዋን፣ በሌላው የጨዋታውን መምሪያ ይዛለች። ቦርሳዋን ወንበር ላይ ወረወረችውና ማጣበቂያ ጠየቀችው። ከመሳቢያው አውጥቶ ሰጣት። ሰባ አንደኛውን ገጽ ገልጣ ብጣሿን ወረቀት በባዶው ግርጌ ላይ አስተካክላ ለጠፈቻት። ወረቀቷ አዲስ ስለሆነች ጠርዟ እየተነሣ አስቸገረ።

አባቷ በመዳፉ ተጫናት።

«ይዤ ልቆይ?» አላት።

ልጅቱ ወደ መደርደሪያው ሄዳ ነበር፤ አራተኛውን ቅጽ አልፋ አምስተኛውን አወጣች፤ አቧራውን በክንዷ ጠርጋ ከፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ቆይ» አለችው፤ የመጀመሪያውን ገጽም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ማንበብ ጀመረች።